ሙታንን በአማርኛ ያናገረ፤ የባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕይወትና የውርስ ትርጉም ሥራው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አምቦ ይደርሳል። አምቦ በፍል ውኃዋና ከመሬት እየፈላ በሚወጣው የማዕድን ውኃዋ የታወቀች፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራች ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ በመንገዱ ላይ ይከታተላሉ፤ በስተደቡብ ደግሞ የወንጪ ሐይቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተኝቷል። በዚህ አገር፣ አምቦ አካባቢ በምትገኘው ቦዳ በተባለች የተራራ መንደር፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ተወለደ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ አራት ወር አልሞላውም። አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት የተደበደቡት ሕፃኑ ከመወለዱ 19 ቀን አስቀድሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን ነበር። ያ ሕፃን አድጎ የኚህን ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት በግጥምም በቴአትርም ጽፎ፣ በቦታው ላልነበረ ትውልድ ድምፃቸውን የሚያሰማ ሰው ሆነ።

ስለ ጸጋዬ ብዙ ተጽፏል። ባለቅኔነቱ፣ አርበኝነትን ማወደሱ፣ የኢትዮጵያንና የጥንቷን ግብፅ ዝምድና መመርመሩ በየጊዜው ተነሥቷል። በሙያው ላይ ላሉ ሰዎች ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ የሌላን ሕዝብ ታላላቅ ድርሰቶች፣ በተለይም ሙት መንፈስና ጠንቋይ የሚመላለሱባቸውን አስፈሪ ድርሰቶች፣ ወደ አማርኛ መድረክ ያሻገረበት መንገድ ነው። ይህ ሥራ ከተርጓሚ የሚጠይቀው ቃል ማወቅን ብቻ አይደለም። የአንድ አገር ሕዝብ የሚፈራውን ነገር ሌላው ሕዝብ ላይፈራው ይችላልና።

ጸጋዬ ለዚህ ሥራ የተሰናዳው ገና በልጅነቱ፣ ሳያውቀው ነው። በአባቱ ወገን ኦሮሞ፣ በእናቱ ወገን አማራ ስለ ነበር በሁለት ቋንቋ አፉን ፈታ። በቤተ ክህነት ትምህርትም ግእዝንና ቅኔን ቀመሰ። በአምቦ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሚያድግ ልጅ በምሽት እሳት ዙሪያ የሚሰማው ተረት አንድ ዓይነት አይደለም። በኦሮሞው ወገን የሞተ ሰው ኤኬራ፣ የቃሉ ሥልጣን፣ በኦዳ ዛፍ ሥር የሚታወጅ ሕግ አለ፤ በአማራው ወገን ቡዳው፣ ዛሩ፣ ጋኔኑና የደብተራው ድግምት አለ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ላይ የራሷን ፍርድ ትሰጣለች። ከአንዱ እምነት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ፍርሃት ስሙን እንደሚለውጥ፣ ስሙ ሲለወጥም መልኩ እንደሚለወጥ፣ እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

በአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ ዕድሜው 13 ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቴአትር ጻፈ። ተማሪዎቹ ተውኔቱን ሲያሳዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ተመለከቱ። የልጅነት ሥራውን ከመጠን በላይ ማግነን ተገቢ ባይሆንም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዲዮኒስዮስ የሸዋ ሰው አይደለም፤ ስሙ በጥንት ዘመን ሲራኩስን ከገዛው ጨካኝ ንጉሥ ስም ጋር አንድ ነው። የአምቦው ተማሪ የመጀመሪያ ቴአትሩን ሲጽፍ ከሩቅ አገር ንጉሥ ተበድሮ፣ በአገሩ ንጉሥ ፊት አቁሞታል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የትምህርት ዘመን በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። በቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 በሕግ ተመረቀ። ሕግ ግን አልያዘውም። በዚያው ዘመን በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል ወደ አውሮፓ ሄዶ፣ በለንደን በሮያል ኮርት፣ በፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን አሠራር አጠና። ሁለቱ ቤቶች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ነበሩ። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሞልዬርን እንደ ቅርስ ጠብቆ ሲያኖር፣ ሮያል ኮርት በዚያን ሰሞን የተራውን ሕዝብ ቁጣ ወደ መድረክ የሚያወጡ ወጣት ደራሲያን መናኸሪያ ነበር። ጸጋዬ አንደኛውን መርጦ ሌላውን አልጣለም። ወደ አገሩ ሲመለስ ከአንዱ የጥንቱን ድርሰት ማክበርን፣ ከሌላው ደግሞ የዕለቱን ሕመም መናገርን ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን የኪነ ጥበብ ሥራ መራ።

የባዕድ ድርሰትን ማውረስ በኢትዮጵያ በእርሱ አልተጀመረም። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ራሱ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች የተቀዳ ነበር። እርሱም ቢሆን ሹማምንቱን ስለ ነካ ታግዷል። ከበደ ሚካኤልም የሼክስፒርን ሮሚዎና ዥልየትን ወደ አማርኛ መልሰውት ነበር። ጸጋዬ በእነዚህ ላይ ጨምሮ ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝንና ንጉሥ ሊርን፣ ከሞልዬርም ታርቲዩፍንና የግድ ሐኪም የሆነውን ሰውዬ ታሪክ ወደ አማርኛ አመጣ። የተመረጡትን ድርሰቶች ላስተዋለ፣ ከሼክስፒር ሥራዎች መካከል ሙት መንፈስና ጥንቆላ ጎልተው የሚታዩባቸው ሁለቱ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ፣ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

የዚህ ሥራ ክብደት የሚታወቀው በዚያው ዘመን በሌላ አገር ከተደረገ ተመሳሳይ ሙከራ ጋር ሲነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ዮርክ አልበርት ካንተር የተባለ፣ ከሩስያ በልጅነቱ የተሰደደ ሰው፣ ታላላቅ ድርሰቶችን በሥዕል እየተረከ በ10 ሳንቲም የሚሸጥ ተከታታይ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን የሥዕል ትረካ ኮሚክ ይሉታል። ቃሉ በአማርኛ አስቂኝ ሰውን የሚያመለክት ስለ ሆነ አንባቢን ያሳስት ይሆናል፤ በዚህ ተከታታይ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛው የሚያስቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1943 የስቲቨንሰን የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ፣ በ1945 የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን፣ በ1955 የዌልስ የዓለማት ጦርነት፣ በ1956 ደግሞ የዚሁ ደራሲ የጊዜ መኪና በዚህ መልክ ወጡ። የሳይንስ ልብ ወለድና የአስፈሪ ድርሰት መሠረት የሚባሉት መጻሕፍት ለብዙ ሕፃናት መጀመሪያ የተዋወቁት እንዲህ ነው። በተከታታዩ ውስጥ ሐምሌት በ1952፣ ማክቤዝ በ1955 ታትመዋል። አምቦ ላይ የዲዮኒስዮስን ታሪክ የጻፈው ወጣት በአዲስ አበባ ተማሪ በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

የፍራንከንስታይን ዕጣ ለማንኛውም አውራሽ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሳይንቲስቱ ከሙታን አካል የሠራው ፍጡር ቋንቋ ይማራል፣ መጽሐፍ ያነባል፣ ለፈጣሪው በደሉን በረዥም ንግግር ያስረዳል። የመጽሐፉ ጭንቅ ያለው በፍጡሩ መልክ ሳይሆን በክርክሩ ነው፤ እውነት ይዟልና። ድርሰቱ በ1823 ለንደን ውስጥ ወደ መድረክ ሲወጣ ግን ፍጡሩ ዲዳ ተደረገ። ደራሲዋ ራሷ በቴአትሩ ቤት ተገኝታ ይህንኑ አየች። በ1931 በአሜሪካ በተሠራው ፊልምም ፍጡሩ ከማጓራት በስተቀር ቃል አልነበረውም፤ ዛሬ ዓለም በምናቡ የሚያየው ፍራንከንስታይን ይኸው የማይናገረው ነው። የ1945ቱ የሥዕል መጽሔት፣ ርካሽ ተብሎ የተናቀው፣ ከፊልሙ ይልቅ ለመጽሐፉ ታሪክ የቀረበ ነበር። ስለዚህ በማውረስ ጊዜ የሚጠፋው ነገር ሁልጊዜ የሚጠፋው በቅርጹ ድህነት አይደለም። ጭራቁን ይዞ የጭራቁን አንደበት የሚጥል ሰው፣ ትልቅ ገንዘብና ትልቅ መድረክ ቢኖረውም፣ ያወረሰው ቆዳውን ነው።

ጸጋዬ አንደበቱን አልጣለም። የአማርኛው ሐምሌት የቆመው በንግግር ላይ ነው፤ ሥራው ግን ከባድ ነበር። የሐምሌት አባት በገዛ ወንድሙ በመርዝ ተገድሎ፣ በሌሊት ለዘበኞች ይታያል፤ በመጨረሻም ለልጁ ተገልጦ በቀል ይጠይቀዋል። የድርሰቱ ወገብ አንድ ጥርጣሬ ነው። የመጣው በእርግጥ የአባትየው መንፈስ ነው ወይስ የአባትየውን መልክ የለበሰ ሰይጣን? ልዑሉ በዚህ ጥርጣሬ ይዘገያል። አሁን ይህን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው በመጀመሪያው ቃል ላይ ይሰናከላል። መንፈስ ብቻ ቢለው ለኦርቶዶክስ ተመልካች ጆሮ ቃሉ ቅዱስም ርኩስም ሊሆን ይችላል። ጋኔን ቢለው ጥርጣሬው ገና ሳይጀመር ያበቃል፤ ተመልካቹ ልዑሉን ሽሽ ማለት ይጀምራል። ጣዕረ ሞት ቢለው የንጉሡ ክብር ይጠፋል። ሙት መንፈስ ሲል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሞተ ሰው ወደዚህ ዓለም ተመልሶ አይንከራተትም ብላ ታስተምራለችና ሌላ ጥያቄ ይነሣል። እንግሊዞችም ይህ ችግር ነበረባቸው። በሼክስፒር ዘመን የፕሮቴስታንት መምህራን የሙታንን መመለስ ሲክዱ፣ ሕዝቡ ግን ከአያቶቹ የወረሰውን እምነት አልጣለም ነበር። በዚህ በኩል የአዲስ አበባው ተመልካች ከዘመናዊው የለንደን ተመልካች ይልቅ ለድርሰቱ የቀረበ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥርጣሬውን ከቤቱ ይዞት የመጣ ነውና።

ማክቤዝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በጥሻ ሜዳ ላይ የሚታዩት ሦስቱ ሴቶች በአማርኛ ማን ይባሉ? የእኛ ጠንቋይ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ስለ ጠፋ ከብት፣ ስለ ታመመ ልጅ ሊጠይቁት የሚሄዱበት፣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ነው። ቃልቻው መቀመጫና ክብር አለው። ቡዳው በዐይኑ ይጎዳል እንጂ ትንቢት አይናገርም። የሼክስፒር ሴቶች ግን ማንም ሳይጠራቸው ከሰውየው መንገድ ላይ ቆመው፣ በልቡ የነበረውን ምኞት መልሰው ይነግሩታል። አንዱን ስም መምረጥ ሌላውን ትርጉም መግደል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የተርጓሚው መድኃኒት ስሙ ሳይሆን የንግግሩ ዜማ ነው፤ ሴቶቹን ድግምት በሚመስል የቤት አመታት ካናገራቸው ተመልካቹ ማንነታቸውን በጆሮው ያውቃቸዋል። የቅኔን የቃል ጨዋታ የቀመሰ፣ በሌላም በኩል የኦሮሞን የምርቃትና የእርግማን አነጋገር እየሰማ ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ የተሻለ መሣሪያ ነበረው።

በማክቤዝ ውስጥ የሥዕሉንና የመድረኩን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን የያዘው ማክቤዝ ግብር ባበላበት ሌሊት፣ ያስገደለው ወዳጁ ባንኮ መጥቶ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከማክቤዝ በስተቀር ማንም አያየውም። የሥዕል መጽሔት ሠዓሊ ይህን ሲሠራ ሙታኑን መሣል አለበት፤ ከሣለው ደግሞ አንባቢ ሁሉ ያየዋል። የቴአትር አዘጋጅ ግን ምርጫ አለው። ተዋናይ በወንበሩ ላይ ቢያስቀምጥ ተመልካቹ ከገዳዩ ጋር ያያል፤ ወንበሩን ባዶ ቢተወው ተመልካቹ ከእንግዶቹ ጋር ሆኖ፣ ንጉሡ አብዷል ይላል። በአንደኛው ፍርሃት፣ በሁለተኛው ፍርድ አለ። ማንኛውም የቴአትር ባለሙያ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ፍርድ የሚለው ቃል ሌላ ነገር ያስታውሳል። ጸጋዬ እነዚህን ድርሰቶች የሠራው በንጉሠ ነገሥቱ ስም በሚጠራና በ1948 ዓ.ም. ለንግሥናቸው 25ኛ ዓመት በተከፈተ ቴአትር ቤት ጥላ ሥር ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኰንኖች ዙፋኑን ለመገልበጥ ሞክረው ከሽፎባቸዋል። ማንኛውም ድርሰት ከመታተሙና መድረክ ላይ ከመውጣቱ አስቀድሞ በሳንሱር ያልፍ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ሐምሌት ማለት ወንድሙን ገድሎ የነገሠ ንጉሥ ታሪክ ነው፤ ማክቤዝ ማለት በቤቱ ያደረ ንጉሡን የገደለ መኰንን ታሪክ ነው። በአገር ልጅ ስም ቢጻፍ ለማለፍ የሚቸግረው ነገር፣ በዴንማርክና በስኮትላንድ ስም፣ በታላቁ ሼክስፒር ማዕርግ ይነገር ነበር። ሙታኑ ባዕዳን ስለ ሆኑ የመናገር ፈቃድ ነበራቸው።

በአሜሪካም ቢሆን ሥዕሎቹ ከሳንሱር አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ የሥዕል መጽሔቶች ልጆችን ያባልጋሉ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ የሚሄድ ሬሳና ደም መጣጭ ጭራቅ በሥዕል እንዳይታይ ተከለከለ። የካንተር ተከታታይ ግን የጥንት ድርሰት ነው በሚል መከላከያ ደንቡን ሳይቀበል ቀጠለ። የታላቅ ደራሲ ስም እዚያም እዚህም እንደ ጋሻ አገልግሏል። ልዩነቱ፣ እዚያ የተፈራው ሬሳው ነው፤ እዚህ የሚያስፈራው ሬሳው የሚናገረው ነበር።

ስለ ቋንቋው የቀረበበትን ነቀፌታ ማለፍ አይገባም። የጸጋዬ አማርኛ ከባድ ነው፤ ቃላትን ከግእዝ ያወጣል፣ አንዳንዴም አዲስ ይቀርጻል፤ ተመልካች በመድረክ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማውን ዐረፍተ ነገር ለመረዳት ይቸገራል ይባላል። ነቀፌታው መሠረት አለው። የታተመውን የሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነብ ይችላል፤ በቴአትር ቤት የተቀመጠ ግን አይችልም። በአንጻሩ የሙት ንጉሥ ንግግር እንደ ገበያ ወሬ ቢቀል ኖሮ ንጉሡ ከመቃብር የመጣ አይመስልም ነበር። ጸጋዬ በሁለቱ መካከል የመረጠው ከፍታውን ነው። ዋጋውንም ከፍሎበታል። ይህን ከፍታ የተሸከመለት የራሱ የግጥም ምጣኔ ነበር። በአማርኛ ግጥም ትምህርት ጸጋዬ ቤት ተብሎ በስሙ የሚጠራው አመታት ስምንት ስምንት ቀለም ባላቸው ሐረጎች የሚሄድ ሲሆን፣ ከወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ረዝሞ ለሐሳብና ለክርክር የሚበቃ ትንፋሽ ይሰጣል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲሸልመው ከተሸላሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው እርሱ ነበር።

ከአንድ ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ የጻፈውን ተውኔት አሳትሞ ነበር። በዚህ ተውኔት ጸጋዬ የማሻገሩን ሥራ በተቃራኒው አቅጣጫ አደረገው፤ የአገሩን ፍርሃት ለባዕድ አንባቢ አወረሰ። የታሪኩ ማዕከል ኦዳ ነው። ኦዳ ከሾላ ወገን የሆነ፣ ኦሮሞ ሸንጎ የሚቀመጥበትና ሕግ የሚያወጣበት ዛፍ ነው፤ ከታላላቆቹ የኦዳ ሸንጎዎች አንዱ፣ ኦዳ ቢሲል፣ የሚገኘው በምዕራብ ሸዋ በጌዶ አካባቢ ነው። ጸጋዬ በእንግሊዝኛው ርእስ ኦዳን ኦክ ከተባለው የአውሮፓ ዛፍ ጋር አዛመደው። የእጽዋት ሊቅ ይህን አይቀበለውም፤ ዛፎቹ ዘመድ አይደሉምና። ተርጓሚ ግን ይረዳዋል። በጥንታዊት ግሪክ በዶዶና ከኦክ ዛፍ ቅጠል ድምፅ ትንቢት ይሰማ ነበር ይባላል፤ የሐምሌትን ሙት መንፈስ ለአማርኛ ተመልካች ያለመደው ሰው፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢም የኦዳን ክብር የሚገባበት በር ከፈተለት።

ታሪኩ አሳዛኝ ነው። የኦዳው ቃል ሻንካ የተባለው ወጣት ኡኩቴን እንዲያገባ፣ የሚወለደውንም የበኩር ልጅ ለአያቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዝዛል። ሻንካ ልጁን ላለመገበር ብሎ ሚስቱን ሳይነካ ይኖራል። እርሷ ግን በብቸኝነት ከጓደኛው ከጎኣ ትፀንሳለች፤ ጎኣ በባዕድ አገር ኖሮ የሌላ እምነት ብርሃን አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ሽማግሌው የኦዳውን ቃል ጠቅሶ ሁለቱ ወዳጆች እንዲጋጠሙ ያደርጋል። በዚህ ድርሰት ውስጥ አንድም ጭራቅ በመድረክ ላይ አይወጣም። የሚያስፈራው ሙታኑ መናገራቸው ሳይሆን፣ ሕያዋን በሙታን ስም መናገራቸው ነው። ከሐምሌት ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ የአንድ ሰው እጅ ይታይበታል። እዚያ ልጅ በሞተ አባት ቃል ይታዘዛል፤ እዚህ ደግሞ አባት ገና ያልተወለደ ልጅን ከሞቱ አያቶች ለማዳን ይታገላል።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ ጸጋዬ ሀ ሁ በስድስት ወር የተባለውን ቴአትር አቀረበ። ቀጥሎም ከብሬሽት እናት ኩራዥ ተውኔት እናት ዓለም ጠኑን አወረሰ። በጦርነት ገበያ ልጆቿን እያጣች የምትነግደው ሴት ታሪክ፣ ጀርመናዊው ደራሲ የጻፈው በአውሮፓ ለ30 ዓመት ስለ ተካሄደ ጦርነት ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ ሲታይ ማንም ስለ ጀርመን ነው አላለም። በዚያ ዘመን በባህል ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመት አግኝቷል፣ ታስሯልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ አስተምሯል። ቴዎድሮስ፣ ምኒልክ፣ ዘርዓይ ደረስ እያለ የአገሩን ሙታን ወደ መድረክ መጥራቱን ግን አላቋረጠም። አሁን መልሶ ሲታይ፣ ከባዕድ ሙታን የተማረውን አነጋገር ለራሱ ሙታን ያዋሰ ይመስላል። የአቡነ ጴጥሮስን የመጨረሻ ሰዓት ከሐምሌት ብቸኛ ንግግሮች ጋር አስተያይቶ ያነበበ ሰው ዝምድናውን አያጣውም፤ በሁለቱም ሰውየው ከሞት ፊት ለብቻው ቆሞ ከራሱ ጋር ይከራከራል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት የሕመም ዓመታት ነበሩ። በኩላሊት ሕመም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ደሙን በመሣሪያ እያስጣራ በኒው ዮርክ ኖረ። በዓለም ባለቅኔዎች ጉባኤ የሎሬትነት ማዕርግ አግኝቶ ነበር፤ በ2002 ደግሞ የኖርዌይ ደራስያን ማኅበር ሐሳብን በነፃ ስለ መግለጽ የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው። የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግጥምም የእርሱ ነው። ካንተር የሥዕል መጽሔቶቹን ባሳተመባት ከተማ፣ በማንሃታን፣ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።